ዱባይ ለመሮጥና ለመዋኘት ከሆነ ሐምሌን ይተዉት

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከአራት ኪሎ ነው። ዘንድሮ የእቁብ ዕጣ ወጥቶልኛል። እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን (የ13 ዓመት ወንድና የ9 ዓመት ሴት) ዱባይ ሪዞርት ይዘን አምስት ሌሊት ልናሳልፍ አስበናል። ትምህርት የሚዘጋው ሐምሌ ነው፣ የሆቴሉም ዋጋ ያን ጊዜ ይረክሳል፤ ስለዚህ ሐምሌን መርጠናል። ባለቤቴ ጃንሜዳ የሚሮጥ ሰው ስለሆነ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ልሩጥ፣ ብስክሌት እንንዳ፣ ተራራ እንውጣ ይላል። እኔ ግን አንድም ስንበላና ስንተኛ ሰንብተን እንዳንመጣ፣ አንድም ታመን እንዳንመለስ እሰጋለሁ። ረቡዕና ዓርብ የምንጾም ቤተሰብ ነን። እንዴት ብናቅደው ይሻላል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ መጀመሪያ ወሩን ይቀይሩ። የቀረው ምክራችን ሁሉ የሚሠራው እሱ ከተስተካከለ ብቻ ነው።

ሐምሌ ላይ ዱባይ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። እኛ አዲስ አበባ ለምደነዋልና «ቀን ቢሞቅም ማታ ይበርዳል» ብለን እናስባለን፤ እዚያ ግን ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ ብዙ አይወርድም። ባሕሩ ራሱ 32 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ ቢገቡበትም አያቀዘቅዝም። ከሙቀቱ የሚብሰው ደግሞ እርጥበቱ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ አየሩ በውሃ ከተሞላ ላቡ ቆዳ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፣ ሙቀቱም ውስጥ ይቀራል። አገሪቱ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ በሕግ የምትከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው። ዋጋው የረከሰውም ለዚህ ነው። ማስታወቂያ ላይ «የሰመር ቅናሽ» የሚል ሲያዩ የእኛን በጋ አያስቡ፤ ሐምሌና ነሐሴ ማለት ነው።

የሚሻለው ጊዜ ከጥምቀት በኋላ ነው። በጥር አጋማሽና መጨረሻ ቀኑ 24 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ወደ 15 ይወርዳል። ብዙ ትምህርት ቤቶች የግማሽ ዓመቱን ዕረፍት የሚሰጡትም በዚያው ሰሞን ስለሆነ ካላንደሩን አሁኑኑ ይጠይቁ። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሳምንት በፍጹም አይሁን፤ ክፍሉ ያኔ ከሁሉ ጊዜ ይወደዳል። የጥር መጨረሻ ለእናንተ ሌላም ጥቅም አለው፤ የገና ጾም ተፈትቷል፣ ዓቢይ ጾም ገና ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ በጉዞው ዓመት መቼ እንደሚውል ያጣሩ። ከገጠመ ሪዞርቱ ውስጥ ቀን ምግብ ይቀርባል፤ መንገድ ላይ ግን ውሃ እየጠጡ መሮጥ ነውር ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። የጃንሜዳ ሯጭ ዱባይ ሲደርስ የሚያታልለው ትንፋሹ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ዱባይ ላይ ደረቱ ይከፈትለታል፣ እግሩ ይቀለዋል፣ ፍጥነቱም ሳያስበው ይጨምራል። ሳንባው «ገና ነኝ» እያለው ግን ሰውነቱ ውስጥ ሙቀት እየተጠራቀመ ነው። እዚህ የሚያቆመው የትንፋሽ ማጠር ነበር፤ እዚያ እሱ የለም፣ የሚያቆመው ማዞርና ማቅለሽለሽ ሊሆን ይችላል። በጥርም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ይህ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በሰዓትና በኪሎ ሜትር አይመራ። እየሮጠ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መናገር ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። ካልቻለ እግሩ ቢቀለውም ይቀንስ።

ሪዞርት ሲመርጡ ፎቶውን ትተው የሚከተለውን በኢሜይል ይጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። የመዋኛ ገንዳው ቀጥ ያለ ርዝመት ስንት ሜትር ነው? አብዛኛው የሪዞርት ገንዳ ጠመዝማዛ ነው፤ ለመንቦጫረቅ እንጂ ለመዋኘት አይሆንም። 25 ሜትር ቀጥ ያለ ካለ ጥሩ ነው። በጥር ገንዳው ይሞቃል ወይ? የባሕሩ ውሃ በዚያን ጊዜ 22 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ልጆች አሥር ደቂቃ ሳይቆዩ ከንፈራቸው ይጠቁራል። ከበሩ ወጥቶ በእግር የሚኬድበት መንገድ አለ ወይ? ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ዱባይ የመኪና ከተማ ናት። ሼክ ዛይድ ጎዳና ዳር ያለ ሆቴል ይዘው ባሕሩ በካርታ 800 ሜትር ብቻ ቢመስልም መሻገሪያ ፍለጋ ብዙ ያዞራል። ለእናንተ የሚመቸው የጁመይራ ባሕር ዳርቻ ነው። ውሃውን ተከትሎ 14 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ለስላሳ የመሮጫ መስመር አለ፤ ባለቤትዎ ይሮጣል፣ እርስዎና ልጆቹ ትራመዳላችሁ፣ ለታክሲም አትከፍሉም።

ዋጋው ላይ «ታክስና ሰርቪስ ተካቷል?» ብለው ሳይጠይቁ አይስማሙ። ካልተካተተ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ 7 በመቶ የማዘጋጃ ቤት ክፍያና 5 በመቶ ቫት ይጨመራል። ከዚህ ሌላ ለእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በየሌሊቱ እንደ ሆቴሉ ደረጃ ከ7 እስከ 20 ድርሃም የቱሪዝም ክፍያ አለ። በሌሊት 500 ድርሃም የተባለ ባለ አምስት ኮከብ ክፍል ለአምስት ሌሊት 2,500 መሆኑ ይቀርና ከ3,150 በላይ ይሆናል። ብዙ ሪዞርቶች ሲገቡ ተቀማጭ በካርድ ይይዛሉ። ከአዲስ አበባ ይዘነው የምንሄደው ካርድ እዚያ እንደሚሠራ ባንክዎን ይጠይቁ፤ ሆቴሉንም ተቀማጩን በጥሬ ገንዘብ ይቀበል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ቪዛው እጅዎ ሳይገባ የማይመለስ ክፍያ አይክፈሉ። ፓስፖርቶቹም ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ይቅራቸው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር እናስታውስ፤ ቀጠሮ የሚያበላሸው እሱ ነውና። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ በዚያ ላይ ሰዓቱን የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው። ቲኬት ላይ 7፡00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ የዱባይ ሰዓት ሆኖ በእኛ አቆጣጠር ነው። በጥር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ገደማ፣ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሲነሱ ሰውነትዎ ገና 11 ነው የሚለው፤ ማታ ልጆቹን በጊዜ ያስተኙ።

ቀኖቹን እንዲህ ያሰናዷቸው። ሰኞ ይግቡ፣ ቅዳሜ ይመለሱ። ከባዱን ነገር ማክሰኞና ሐሙስ ላይ ያድርጉት፤ ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ስለሆኑ ቀለል ያሉ ይሁኑ። ቀን እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ በረሃ ላይ ብስክሌት መንዳት አይሞከርም።

ሰኞ ክፍሉን የሚያስረክቧችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ዋና ልብስና መቀየሪያ በእጅ ሻንጣ ያድርጉ፣ ዕቃውን ለእንግዳ ተቀባዩ ሰጥታችሁ ገንዳ ትገባላችሁ። ማታ ባሕር ዳር የ30 ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ በላይ ምንም።

ማክሰኞ ጠዋት ብስክሌት። አል ቁድራ የሚባለው በረሃው ውስጥ የተነጠፈ የብስክሌት መንገድ 86 ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪናም አይገባበትም። መግቢያው ላይ ብስክሌትና ቆብ ይከራያል፤ የ9 ዓመት ልጅ የሚሆን መጠን መኖሩን ከአንድ ቀን በፊት ደውለው ያረጋግጡ። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት «ዙሩን እንጨርስ» ማለት ነው። ዙሩ ብቻ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐል ላይ ጥላ እንደልብ አይገኝም፣ ቢደክማችሁም መመለሻው ሩቅ ነው። እናንተ 10 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ነፋሱንም ልብ በሉ። ስትሄዱ ከኋላ የሚገፋችሁ ከሆነ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይመጣል፣ ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትሩ ሳይሞላ ተመለሱ። 1 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ጨርሱ። ማታ ባለቤትዎ ጁመይራ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ ይሩጥ፤ የለመደውን ግማሽ ማለት ነው።

ረቡዕ መዋኘትና መተኛት ነው።

ሐሙስ ሐታ። ከከተማው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐጀር ተራሮች ውስጥ ያለ ቦታ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የአገሩ ሰው ስለሚሞላው ነው ሐሙስን የመረጥንላችሁ። ግድቡ ላይ ካያክ ይቀዘፋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ መቅዘፍ ስለሚከብድ ጀልባውን አስቀድማችሁ ይዛችሁ ከ4 ሰዓት በፊት ውሃው ላይ ሁኑ። ከዚያ የሁለት ሰዓት የተራራ መንገድ ምረጡ፤ መንገዶቹ እንደ ክብደታቸው ምልክት አላቸው፣ እናንተ ቀላሉን ያዙ። ድንጋዩ ልቅና ስለታም ስለሆነ ሶሉ ያለቀ ስኒከር ያንሸራትታል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ ለአዋቂ ሁለት ቢሆን አይበዛም። ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ ደረቁ ወንዝ ውስጥ አትግቡ። ዝናቡ ራቅ ያለ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ደረቅ ቦታ ላይ ድንገት ይመጣል፤ በ1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ያደረገውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሸዋው። በመኪና ኮረብታ ለኮረብታ መገለባበጡ ልጆችን ያስታውካል፤ ከመሳፈራቸው ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ልጆቹ ቀለል ያለ ነገር ይብሉ፣ ሴት ልጅዎን መሐል ወንበር ላይ ያስቀምጧት፣ አድማሱንም ትይ። የወገብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር አይገቡበትም። እኛ ግን በእግር መውጣቱን እናስቀድማለን። ልቅ አሸዋ ላይ መራመድ ጠንካራ መሬት ላይ ከመራመድ ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት ይፈጃል፤ ስለዚህ የ20 ደቂቃ መውጣት የአንድ ሰዓት ስፖርት ይሆናል። ፊት ለፊት አትውጡት። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ያለው ጎን ገርና ጠጠር ያለ ነው፤ ከነፋሱ የተሸሸገው ጎን ግን 34 ዲግሪ ያህል ያዘነበለና የሚናድ ስለሆነ አንድ እርምጃ ስትወጡ ግማሹን ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። በገሩ ጎን ወጥታችሁ ጀርባውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከፊት የሄደው ሰው የረገጠበትን ዱካ ርገጡ። ጉዞው የሚያበቃበት የበረሃ ካምፕ ውስጥ የሚቀርበው እራት አብዛኛው ሥጋ ነው፤ የጾም እንደምትፈልጉ ሲመዘገቡ ይናገሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ በረሃው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሹራብ ለየሰው፣ ለልጆቹ አንድ ጋቢ።

ቅዳሜ በረራው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ባለቤትዎ ያን ጠዋት 10 ኪሎ ሜትሩን ይሩጥ፤ ያን ጊዜ ሰውነቱ ለምዷል። ማንም ሰው ግን ጠልቆ መዋኘት (ስኩባ) ከሞከረ ከጠለቀ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላው አውሮፕላን አይሳፈር። የእኛ ከተማ ራሷ ከፍታ ላይ ስለሆነች ይህን ማሳጠር አይቻልም።

ውሃ አጠጣጡ ላይ በግምት አትሂዱ። ባለቤትዎ ከሩጫ በፊትና በኋላ በሆቴሉ ጂም ሚዛን ላይ ላቡን ጠርጎ ያለ ጫማ ይመዘን። የቀነሰው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ1.4 ኪሎ በላይ ከቀነሰ በመንገድ ላይ የጠጣው አንሶታል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት የቀነሰውን አንድ እጥፍ ተኩል ይጠጣ። በእንቅስቃሴ ጊዜ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ይበቃል። በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት ደግሞ የደምን ጨው አቅጥኖ ራሱን የቻለ አደጋ ያመጣል። ኦአርኤስ ከዚህ ይዘው ይሂዱ፣ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር። ከጠፋ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ጨው ማብዛት ለልጆች አደገኛ ነውና በእጅ ቆንጥረው አይገምቱ። ሽንታቸው እንደ ሻይ ከጠቆረ ዘግይታችኋል፤ ውሃ እየሰጡ ጥላ ውስጥ ያሳርፏቸው።

ልጆቹ መዋኘት ይችላሉ? ደብዳቤዎ አይናገርም። ካልቻሉ ከአሁኑ እዚሁ ሆቴል ገንዳ አስተማሪ ይያዙላቸው። ክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ ነው፤ ከመስጠም አያድንም። ባሕሩ ላይ ቀይ ባንዲራ ካለ አይገባም። እግራቸውን ለመፈተን ደግሞ አንድ እሑድ ከአራት ኪሎ በስድስት ኪሎ አድርጋችሁ ሽሮ ሜዳ ድረስ ውጡ፤ ትንሿ ሳትነጫነጭ ከደረሰች ሐታ ይመቻታል። አዲስ ጫማ እዚያ ሄዶ መግዛት ፈተና ነው፣ ግን እግር ይልጣል። ጫማው ቢያንስ ሦስት ሳምንት እዚህ ይለመድ።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም 30 ኤስፒኤፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ለአንድ አዋቂ ሙሉ ሰውነት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በየሁለት ሰዓቱና ከዋና በወጡ ቁጥር። የጠቆረ ቆዳም ይቃጠላል። ነጠላ ወይም ሻሽ አይርሱ፤ ለአሸዋ ነፋስም ለሞሉ ኤር ኮንዲሽነርም ይሆናል።

ሻንጣው ውስጥ የማይገባውን በጥብቅ እንንገርዎት። ጫት እዚያ አደንዛዥ ዕፅ ነው፤ ሌላ ሰው «አድርሱልኝ» ያለውን ጥቅል አትቀበሉ። ትራማዶልና ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ወይም የሳል ሽሮፕ ያለ አስቀድሞ ፈቃድ ያሳስራል። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካላችሁ በነካርቶኑና በነማዘዣው ያዙ።

የትምህርት ቤቱ ካላንደር እንቢ ብሎ ጉዞው የግድ ሐምሌ ላይ ከወደቀ ከላይ ያልነውን ሐታና አል ቁድራ ሙሉ በሙሉ ይሰርዙ። ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባሕር ዳር እርምጃ፣ ከዚያ በኋላ የቀዘቀዘ ገንዳና ቤት ውስጥ ያለ ስፖርት ብቻ። ኤሚሬትስ ሞል ውስጥ 400 ሜትር የሚሆን የበረዶ መንሸራተቻ አለ፣ ለልጆቹ እሱ ይበቃቸዋል። ባለቤትዎ በዚያ ሙቀት ልሩጥ ካለ ከመሄዱ በፊት ባሉት አሥር ቀናት ከልምምድ በኋላ ፍልውሃ ገብቶ ሙቅ ውሃ ውስጥ 20፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ይቆይ። ሰውነት ቶሎና በብዛት ማላብ የሚማረው እንዲህ ነው። ካዞረው ወዲያው ይውጣ፣ ግፊት ወይም ልብ ሕመም ካለበት ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይግባ።

አንድ ሰው ቢያዞረው፣ ራሱን ቢያመውና በላብ ቢጠመቅ ጥላ ውስጥ አስተኝተው እግሩን ከፍ ያድርጉ፣ ውሃ ያጠጡት። ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ መንገዱን ከሳተ ወይም ከወደቀ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በአፉ ምንም አይስጡ፣ ወዲያው 998 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ፣ እስኪመጣም ልብሱን አቅልለው ውሃ እያፈሰሱ ያራግቡት። ቁጥሩን ዛሬውኑ በአራታችሁም ስልክ ላይ መዝግቡት፣ በትንሿም ጭምር።